የሐረግ ቅጠል ላይ የወጣ ነጥብ፦ ባክቴሪያ ነው ወይስ ሌላ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አይቪና ፖቶስ (ሁለቱም ለጌጥ የሚተከሉ ሐረጎች ናቸው)፣ ስለ ኪያር፣ ዱባና ወይን ቅጠሎች ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን እንሄዳለን።

በባክቴሪያ የሚመጣ የቅጠል ነጥብ ሲባል ምን ማለት ነው?

ባክቴሪያው ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ በዙሪያው ያለውንም ይገድላል። እኛ ነጥብ ብለን የምናየው ያንን የሞተ ቦታ ነው። ብዙ ዓይነት ፈንገስ የቅጠልን ቆዳ ራሱ በስቶ ይገባል። ባክቴሪያ ግን ይህን አይችልም፤ የተከፈተ በር ይፈልጋል። በሩ ቅጠሉ የሚተነፍስበት ጥቃቅን ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥበው ቀዳዳም በር ነው። ነፋስ፣ ነፍሳት ወይም መቀስ የተወው ቁስልም እንደዚያው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። ነጥቡ ለምን ከጠርዝ እንደጀመረ፣ ለምን ከዝናብ በኋላ እንደበዛ፣ ለምን መቀስ የነካው ቅርንጫፍ ብቻ እንደታመመ የምትነግረን እሷ ናት።

ገና ሲጀምር ምን ይመስላል?

ቡናማ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቡናማ ነጥብ ሲያይ «ዛሬ ጀመረ» ይላል፤ ነገሩ ግን ቀናት አልፈውታል። መጀመሪያ የሚታየው የመርፌ ራስ የምታህል፣ ከቀሪው ቅጠል ጠቆር ያለች አረንጓዴ ነጥብ ናት። ወረቀት ላይ ዘይት ጠብ ሲል ወረቀቱ እንዴት እንደሚሆን አስቡ። ልክ እንደዚያ እርጥብና ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል።

ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ጥሩው ጎን ደግሞ የቅጠሉ ጀርባ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሡና በጀርባው ተመልከቱ። ነጥቧ ብርሃን ካሳለፈች ጥርጣሬያችሁ ቦታ አለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቡናማ ወይም ጥቁር ትለወጣለች። ብዙ ጊዜ ቢጫ ቀለበት ታበጃለች። ከዚያ መሃሏ ይደርቅና እንደ ስስ ወረቀት ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ወድቆ ቀዳዳ ይተዋል።

ነጥቡ ለምን ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው ይሆናል?

የቅጠሉ ጅማቶች ግድግዳ ስለሚሆኑበት ነው። ባክቴሪያው በለስላሳው ክፍል ይስፋፋና ጅማት ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ነጥቡ በገዢ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ጠርዝ ይኖረዋል። ኪያር ላይ ይህ በጣም ጎልቶ ይታያል። አይቪ ላይ መጀመሪያ ክብ ነው፤ ሲሰፋ ግን ማዕዘን ያወጣል።

ማዕዘን ስላየን ብቻ ግን አንፈርድም። ለምን እንደሆነ ኪያር ጋ ስንደርስ ይታያል።

ፈንገስ ይሁን ባክቴሪያ በዓይኔ እንዴት ልለይ?

አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም። ሦስት አራቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ነገሩ የሚጠራው። የመጀመሪያው ያነሣነው የዘይት ጠብታ መልክ ነው። ብዙው የፈንገስ ነጥብ ከመጀመሪያውም ደረቅ ነው። ሁለተኛው በነጥቡ ላይ የበቀለ ነገር መኖር አለመኖሩ ነው። ፈንገስ ይዘራል። ዘሩን የሚያዘጋጅበት ቦታ አሥር እጥፍ በሚያጎላ አጉሊ መነጽር ሲታይ በሞተው ቦታ ላይ እንደ ተበተነ ቁንዶ በርበሬ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ እንደ ሱፍ ወይም ዱቄት ይታያል። ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

ሦስተኛው ቀለበት ነው። የዛፍ ግንድ ሲቆረጥ እንደሚታየው አንዱ በአንዱ ውስጥ የሆኑ ክብ መስመሮች ካሉ፣ ሚዛኑ ወደ ፈንገስ ያጋድላል። ባክቴሪያ እንዲህ በሥርዓት ሲሠራ ብዙም አይታይም። አራተኛው ከነጥቡ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ከነጥቡ ጀርባ እንደ መግል ያለ ጠብታ ይወጣል። ሲደርቅም ነጭ ወይም ቢጫማ ቅርፊት ይሆናል፤ ቀንድ አውጣ ያለፈበት ይመስላል። ይህን ካገኛችሁ ባክቴሪያ ለማለት ከሞላ ጎደል በቂ ነው። ካላገኛችሁ ግን ምንም ማለት አይደለም፤ በደረቅ አየር አይወጣም።

አምስተኛ ልጨምር፦ ሽታ። ቅጠሉ ወይም ግንዱ ከላሸቀና የበሰበሰ ነገር የሚሸት ከሆነ፣ ያ ተራ የቅጠል ነጥብ አይደለም። ለስላሳ ብስባሽ የሚባለው ሌላ የባክቴሪያ ጣጣ ነው፤ ፍጥነቱም የሚያስደነግጥ ነው።

ላቦራቶሪ ሳልሄድ የምሞክረው ነገር አለ?

አለ። ነጥብ ያለበትን አንድ ቅጠል ቁረጡና እርጥብ፣ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ሶፍት ካለበት ፌስታል ውስጥ ክተቱት። አሥራችሁ ከፀሐይ ራቅ ባለ ቦታ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አቆዩት። ነጥቡ ላይ ሱፍ ወይም ፀጉር መሰል ነገር ከበቀለ ፈንገስን ወይም የእሱን ዘመድ መጠርጠር ነው። ምንም ሳይበቅል ነጥቡ ከረጠበና ከሰፋ ሚዛኑ ወደ ባክቴሪያ ይደፋል። ከሁለት ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ የሞተ ቅጠል ላይ ሁሉም ሻጋታ ሠርጉን ይደግሳል።

ሌላው ከዚህም ይቀላል። በቋሚ እስክሪብቶ የሁለት ሦስት ነጥቦችን ዳር አክብቡ፤ ቀኑንም ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ነጥቡ መስመሩን ካላለፈ፣ አዲስ ነጥብም ካልወጣ፣ ነገሩ የፀሐይ ቃጠሎ ወይም አንድ ቀን የደረሰ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በሽታ ቆሞ አይጠብቅም። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት ቅጠሉ በፀሐይ የተቃጠለ አይቪ «ታሟል» ብዬ እስከ ሥሩ ድረስ ከርክሜዋለሁ። እስኪያገግም ድረስ ሳየው አፍሬአለሁ።

ማይክሮስኮፕ የማግኘት ዕድል ካላችሁ ደግሞ አሪፉ ሙከራ ይሄ ነው። የታመመውና ጤነኛው ክፍል ከሚገናኙበት ዳር ትንሽ ቁራጭ በስለት ቁረጡ። መስታወት ላይ ባለ የውሃ ጠብታ ውስጥ አስቀምጡና ሸፍኑት። ባክቴሪያ ከሆነ ከተቆረጠው ጠርዝ እንደ ጭስ ወይም እንደ ወተት ያለ ነገር ወደ ውሃው ሲፈስ ይታያል። ፈንገስ እንዲህ አይፈስም።

አይቪ ላይ ምን ይመስላል?

የአይቪን ቅጠል የሚያጠቃው ባክቴሪያ ከዛንቶሞናስ ወገን ነው። መጀመሪያ ፈዛዛ አረንጓዴ እርጥብ ነጥብ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ቡናማና ጥቁር ያልፋል። ዙሪያው ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ይሆናል። መሃሉ ይሰነጠቃል። ሲብስ ቅጠሉን የያዘው ዘንግና ለጋው ግንድ ይጠቁራሉ።

ከእሱ ጋር የሚምታታው አንትራክኖዝ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው። እዚህ ላይ አጉሊ መነጽሩ ይፈርዳል፦ በደረቀው ቦታ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ አንትራክኖዝ ነው።

ፖቶስና ፊሎደንድሮን ላይስ?

እነዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ጠርዝ ጠርዙን ነው የሚጀምረው። ቅጠሉ ውሃ በሚያንጠባጥብባቸው የጠርዝ ቀዳዳዎች ስለሚገባ ዳሩ ቢጫ ይሆንና ወደ ቡናማ ያልፋል። ከዚያ ወደ መሃል ይገፋል። በአንዳንድ ፊሎደንድሮኖች ላይ ጠርዙ ቀይ ይሆናል።

ችግሩ ማዳበሪያ ሲበዛበትና ውሃ ሲጠማውም ተክሉ ጠርዙን ያደርቃል። ልዩነቱን ድንበሩ ላይ ፈልጉ። በማዳበሪያ የተቃጠለ ጠርዝ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ብዙ ቅጠል ላይም ተመሳሳይ ሆኖ ይታያል። በባክቴሪያው ግን በደረቀውና በጤነኛው መካከል እርጥብ የሚመስል ቀጭን ድንበር አለ። የሚያጠቃውም አንዱን ቅጠል እዚህ፣ ሌላውን እዚያ እየመረጠ ነው።

ኪያርና ዱባ ላይስ? ብዙ ሰው ከዳውኒ ሚልዲው ጋር ያምታታዋል ይባላል።

እውነት ነው፤ ባለሙያም ይሳሳታል። የኪያሩ ባክቴሪያ ከሱዶሞናስ ሲሪንጌ ወገን ሲሆን የራሱ መጠሪያ ላክሪማንስ ነው። በላቲን «የሚያለቅስ» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በ1915 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ ምክንያቱ ከነጥቡ ጀርባ የሚወርደው እንባ መሰል ጠብታ ነው። ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይቀራል። የሞተው ቦታም ይወድቅና ቅጠሉ የተቦጫጨቀ ወንፊት ይመስላል።

ዳውኒ ሚልዲው ግን ጭራሹን ባክቴሪያ አይደለም፤ ፈንገስ የሚመስል ሌላ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ሆኖም የእሱም ነጥብ በጅማት መካከል የተከረከመና ማዕዘን ያለው ነው። ስለዚህ ከፊት ለፊት ብቻ እያዩ መለየት ከባድ ነው። በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጡ። ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ለስላሳ ፀጉር ካለ ዳውኒ ሚልዲው ነው። ነጭ የደረቀ ቅርፊት ካለና ቅጠሉ ከተበሳሳ ባክቴሪያው ነው። ከሰዓት በኋላ ካያችሁ ፀጉሩ ላይታይ ይችላል፤ ችኮላ አይጠቅምም።

ዱባና ዘመዶቹ ላይ ደግሞ ሌላ ዛንቶሞናስ አለ። ነጥቦቹ ጥቃቅን ሆነው ቢጫ ቀለበታቸው ሰፊ ነው፤ ፍሬውንም ጠባሳ ያስይዘዋል።

የወይን ቅጠልስ?

ወይን ላይ ነጥብ ሲታይ ቅድሚያ የሚጠረጠረው ፈንገስ ነው። ለምሳሌ ብላክ ሮት ቡናማ ክብ ነጥብ ያወጣና ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎቹን ብዙ ጊዜ በዳሩ ዙሪያ ይደረድራል።

ወይንን የሚጎዱ ከባድ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ነጥብ የሚያወጡት ግን ሁሉም አይደሉም። ታዋቂው የፒርስ በሽታ ከነጥብ ይልቅ ቃጠሎ ነው የሚመስለው፦ የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ እየደረቀ ይመጣል። ከዚያ ቅጠሉ ይወድቅና ዘንጉ ብቻውን ግንዱ ላይ ይቀራል፤ የክብሪት እንጨት የሰኩበት ይመስላል። ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው ውሃ በሚያልፍበት ቧንቧ ውስጥ ሲሆን፣ ከተክል ወደ ተክል የሚያደርሱት የተክል ውሃ የሚመጥጡ ነፍሳት ናቸው።

ጭራሽ በሽታ ያልሆነ ነገር ሊሆን ይችላል?

እንዴታ! ከጥላ አውጥቶ ድንገት ፀሐይ ላይ ያስቀመጡት ተክል ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ቃጠሎ ያወጣል፤ የሚጎዱትም ወደ ፀሐዩ የዞሩት ቅጠሎች ብቻ ናቸው። ማይት የሚባሉት ጥቃቅን ተባዮች ቅጠሉን በመርፌ የተወጋ ያህል በነጣ ነጥብ ይሞሉታል፤ ጀርባው ላይ ቀጭን ድር ይኖራል። ሥሩ ውሃ በዝቶበት ቅጠሉ ማውጣት ሲያቅተው ደግሞ ጀርባው ላይ እብጠት ይወጣል፤ እሱም ደርቆ እንደ ቡሽ ሻካራ ይሆናል። አይቪ ላይ ይህ የተለመደ ነው። እጃችሁን አሳልፉበት፦ ከሻከረና ከጎረበጠ እብጠት ነው፤ የባክቴሪያ ነጥብ ጠፍጣፋ ወይም የሰረጎደ ነው።

ከየት መጣብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ ከእኛው ጋር ነው የሚገባው፦ በተገዛ ችግኝ፣ በስጦታ በመጣ ቁራጭ፣ በዘር። የኪያሩ ባክቴሪያ በዘር ይተላለፋል። መሬት ላይ በቀረ የታመመ ቅጠልና ሐረግ ውስጥም ይቆያል። ለዚህ ነው እዚያው ቦታ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት የዱባ ዘመድ አትትከሉ የሚባለው።

ከገባ በኋላ የሚያዛምተው ውሃ ነው። ከላይ የሚፈስ ውሃ፣ ዝናብ፣ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው የሚፈናጠር ጠብታ። ቀጥሎ መቀስና እጃችን። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡ፣ በተለይ ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል፣ ከእነዚህ በሽታዎች ብዙዎቹ ይፈነጫሉ።

የታመመውን ቅጠል ልቁረጥ?

ጥቂት ከሆነ አዎ፤ ግን ቅጠሉ ደረቅ ሳለ። በእርጥብ ቅጠል መካከል መቀስ ይዞ መንቀሳቀስ በሽታውን በእጅ ማደል ነው። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። በረኪናም ይሠራል፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ። ግን ብረት ስለሚበላ ኋላ በውሃ አለቅልቁት። የተቆረጠውን በፌስታል አሥራችሁ ጣሉ። የቤት ብስባሽ ክምር ብዙ ጊዜ ባክቴሪያውን ለመግደል በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም።

ሌላው ሥራ ውሃ አጠጣጥ ነው፦ ከሥር፣ በጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይነኩ። ለእኔ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት የሚመጣው ይሄ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ የቤት ውስጥ ሐረግ በዚህ ብቻ ይተርፋል።

መዳብ ያለበት መድኃኒት ብረጭበት ይድናል?

የወጣው ነጥብ አይድንም። የሞተ የቅጠል ክፍል ተመልሶ አይለመልምም። መዳብ የሚገድለው ቅጠሉ ላይ ያለውን፣ ገና ያልገባውን ባክቴሪያ ነው፤ የገባውን አይደርስበትም። ስለዚህ የሚረጨው ለጤነኛው ቅጠል ነው። ውጤቱንም በአዲስ ቅጠል እንጂ በአሮጌው አትለኩ። መመሪያው ላይ ከተጻፈው መጠን አትለፉ፤ መዳብ ሲበዛ ራሱ ቅጠል አቃጥሎ ሌላ ነጥብ ያወጣላችኋል። በዚያ ላይ መዳብን የለመዱ ባክቴሪያዎች አሉ።

«የሰው አንቲባዮቲክስ በውሃ በጥብጬ ብረጭስ?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! መጠኑ አይታወቅም፣ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ያፈራል፣ ጥቅሙም ያን ያህል አይደለም።

ቢጫ ቀለበት አለው። እንግዲህ ባክቴሪያ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህ በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው። ቢጫ ቀለበት ማለት በነጥቡ ዙሪያ ያለው ቅጠል አረንጓዴነቱን እያጣ ነው ማለት ነው። ያንን አንዳንድ ባክቴሪያ በሚያመነጨው መርዝ ያደርገዋል። አንዳንድ ፈንገስም እንዲሁ። በተቃራኒው፣ ቀለበት የሌለው የባክቴሪያ ነጥብም ሞልቷል። ቀለበቱን እንደ አንድ ምስክር ቁጠሩት፤ ዳኛ አታድርጉት።

መጀመሪያ እርጥብ ነጥብ ነበር፤ አሁን ሻጋታ አየሁበት። የቱን ልመን?

የመጀመሪያውን። ባክቴሪያ የገደለው ቦታ ክፍት ቤት ነው። ማንም አላፊ አግዳሚ ፈንገስ ይገባበታል። ስለዚህ አሮጌ ነጥብ ላይ የሚታይ ሻጋታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ምርመራውን ሁልጊዜ ከሁሉ አዲስ በሆነው ነጥብ ላይ አድርጉ። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ቅጠል ላይ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ፤ ኪያር ላይ ይህ ያጋጥማል።

አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ነው። ከእሱ ቆርጬ ላባዛ?

እኔ አልቆርጥም። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ባክቴሪያው ምልክት ሳያሳይ ተክሉ ላይ ይቆያል። ቁራጩን ሞቅ ያለና እርጥበት የበዛበት ቦታ ስታደርጉት ግን ለሥር የተመቸው ለባክቴሪያውም ይመቻል። አንዱ ቁራጭ የተነከረበት ውሃ ደግሞ ሌሎቹን ሁሉ ይበክላል። ያቺ ተክል የግድ መትረፍ ካለባት ቁራጮቹን በተለያየ ዕቃ አድርጉና ከሌሎች ተክሎች አርቃችሁ ለሳምንታት ጠብቁ።

ሁሉንም አይቼ መወሰን አቃተኝ። ላቦራቶሪ ምን ልውሰድ?

ሙሉ በሙሉ የጠቆረና የሞተ ቅጠል አትውሰዱ። እዚያ ውስጥ የሚገኘው ቀባሪው እንጂ ገዳዩ አይደለም። ነጥቡ ትንሽ የሆነ፣ ዙሪያው ገና አረንጓዴ የሆነ ቅጠል ምረጡ፤ አምስት ስድስት ቢሆን ጥሩ። በደረቅ ሶፍት ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱ። ሶፍቱን አታርጥቡት፤ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ፀሐይ ያለበት መኪና ውስጥም አትተዉት። ደግሞ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ውሰዱ፤ ከተረጨ በኋላ ባክቴሪያው በሳህን ላይ ላይበቅል ይችላል።

እዚያ ቁራጩን ምግብ ባለው ሳህን ላይ ያበቅሉታል። ዛንቶሞናስ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ስሙም የተወሰደው «ቢጫ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። የኪያሩ ሱዶሞናስ ደግሞ ኪንግ ቢ በተባለው ምግብ ላይ በቅሎ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል። ጥርጣሬ ከቀረ በዘረመል ምርመራ ያረጋግጣሉ። ናሙናውን ስታስረክቡ ተክሉ ምን እንደሆነ፣ ነጥቡ መቼ እንደታየና ውሃ ከላይ ይሁን ከሥር እንደምታጠጡ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። የቅጠሉን ጀርባ በማለዳ ያነሣችሁት ፎቶ ካለም አያይዙት።